አምስት ቡድኖች በአንድ ሜዳ፦ ከትናንት ጠላት ጋር መጫወት



ዛሬ የማካፍላችሁ የእግር ኳስ ታሪክ ነው። «ፓስተር፣ ኳስና ወንጌል ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የምነግራችሁ ስለ ጎልና ስለ ዋንጫ ብቻ ሳይሆን፣ የበደለንን ሰው ፊት ለፊት ስናገኘው ምን እናደርጋለን ስለሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ በዚህ ዘመን በሰቆጣና በዙሪያዋ ለምንኖር ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ታሪኩ የተፈጸመው በአዲስ አበባ ነው። ክብደቱ እንዲገባን ግን ከራሳችን ከዋግ እንነሣ።

ዋግ የማትረሳው

ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የዋግ ሕዝብ ዝም ብሎ አልተገዛም። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ አርበኞችን አስከትለው በወራሪው ላይ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1937 በመስከረም ወር ተገደሉ። ጣሊያኖች በመግደላቸው አልረኩም፤ ራሳቸውን ቆርጠው ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ አቆሙት። አላማው ግልጽ ነበር፤ ያየ ሁሉ ፈርቶ አንገቱን እንዲደፋ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሌላ መከራ ወረደ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል በከተማዋ ሰው እንደ ከብት ታረደ፤ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተያያዘ።

እንግዲህ ይህን በልባችሁ ያዙ። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ አንድ የኢትዮጵያውያን ቡድንና አንድ የጣሊያኖች ቡድን በአንድ ውድድር ውስጥ ተሰልፈው ኳስ ተጫውተዋል። እንዴት ሊሆን ቻለ?

የአራዳ ልጆች

በዚያ ዘመን እግር ኳስ በአገራችን የተማሪ ጨዋታ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ተከፍተው ነበር። በእነዚህ ግቢዎች ልጆች ከፊደልና ከፈረንሳይኛ ጎን ኳስ ለመዱ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በአራዳ ሜዳ ላይ ይራገጡ ነበር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ከእነዚህ ወጣቶች መካከል አንድ ቡድን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይባላሉ። ስሙንም በሰፈራቸው ባለው ቤተ ክርስቲያን «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አሉት። ልብ በሉ፤ ከሁለቱ መሥራቾች የአንዱ ስም የግሪክ ስም ነው። ገና ከጅምሩ ቡድኑ የአንድ ዘር ብቻ ቡድን አልነበረም።

ጦርነቱ በዚያን ጊዜ ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ቡድኑ ከተመሠረተ ከአምስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ከቡድኑ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ይድነቃቸው ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1921 በጅማ ተወለደ። አባቱ የታወቁት ባለቅኔና ዘፋኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ይድነቃቸው ለዚህ ቡድን 23 ዓመት ተጫውቷል። ስሙን ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሁለት ሜዳ፣ ሁለት ሕግ

ፋሺስቶች ኳስን አልከለከሉም። የከለከሉት አብሮ መጫወትን ነው። በእነሱ አስተሳሰብ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እኩል ሊቆሙ አይገባም ነበር። ስለዚህ አበሻ ከአበሻ ጋር ለብቻው፣ ጣሊያን ከጣሊያን ጋር ለብቻው እንዲጫወት አደረጉ።

ነገሩ ለብቻው የቆመ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖር እንዳይችል ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። አባትን ከልጁ የሚለይ ሕግ፣ ተጫዋችን ከተጫዋች መለየቱ ምን ይደንቃል?

ለምን ኳስን እንኳ ፈሩ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ዳኛው ለሁለቱም ወገን አንድ ፊሽካ ነው የሚነፋው። ኳስ የጌታንና የሎሌን እግር አትለይም። አስራ አንድ ከአስራ አንድ ከቆመ፣ «እኔ ከአንተ እበልጣለሁ» የሚለው ትምክህት በ90 ደቂቃ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል።

የ1944ቱ ውድድር

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። በዚያን ቀን ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስና በጣሊያኖች ላይ ግፍ እንዳይፈጽም ለመኑት። ጥቂት የማይባሉ ጣሊያኖች በአገሪቱ ቀርተው ነበር፤ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ አናጢው። ትናንት ጌታ የነበሩት ዛሬ በተሸናፊነት በመካከላችን ተቀመጡ። ይህ ሕዝብ ሊበቀላቸው ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውን ቆም ብለን እንያቸው።

አንደኛው የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከተማቸው ስትታረድ የዓይን ምስክር የነበሩ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ፎርቲቱዶ፣ የጣሊያኖች ቡድን።

ሦስተኛው ኦሎምፒያኮስ፣ የግሪኮች ቡድን። ጣሊያን በጥቅምት ወር 1940 እ.ኤ.አ. ግሪክንም ወርራ ነበር።

አራተኛው አራራት፣ የአርመኖች ቡድን። አርመኖች በቱርክ ግዛት ውስጥ ካለቀው ሕዝባቸው የተረፉ ናቸው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት የሙዚቃ ተማሪዎች የዚያ እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ።

አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። እንግሊዞች ደግሞ ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከአርበኞች ጎን የተዋጉ ናቸው።

ተመልከቱ እንግዲህ። ከአምስቱ ቡድኖች ሦስቱ ከጣሊያን ጋር ደም የተቃቡ ናቸው። አራተኛው የራሱን ሐዘን ተሸክሞ የመጣ ነው። አምስተኛው ራሱ ጣሊያን ነው። የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። እነዚህ ሰዎች ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ ሥር ተጫወቱ።

ዋንጫውን ማን ወሰደ? እንግሊዞች ወሰዱት። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አላሸነፈም፤ ለዚያ ክብር ስድስት ዓመት፣ እስከ 1950 እ.ኤ.አ.፣ መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን ወገኖቼ፣ በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያውያኑ የተገኘው ድል ከዋንጫ የሚበልጥ ይመስለኛል። ትናንት «ከእኛ ጋር በአንድ ሜዳ አትቆሙም» ካሏቸው ሰዎች ጋር እኩል ቆሙ። ሥልጣኑ በእጃቸው ሲገባም «አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ውጡ ከሜዳው» አላሉም።

አንድ ሕግ ከሌለ ጨዋታ የለም

የእግር ኳስ ሕግ አወጣጥ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ደንብ ነበረው። በአንዱ ኳስን በእጅ መያዝ ይቻላል፤ በሌላው ክልክል ነው። በአንዱ የባላጋራን ቅልጥም መርገጥ ይፈቀዳል፤ በሌላው ነውር ነው። ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ መጫወት አቃታቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1848 ተቀምጠው የጋራ ደንብ ጻፉ። በ1863 ደግሞ በለንደን የእግር ኳስ ማኅበር ተመሥርቶ የጋራ ሕግ አወጣ።

የተጣሉ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ደንብ ይዞ ይመጣል። «የእኔ ሟች ሰማዕት ነው፤ የአንተ ሟች የእጁን ነው ያገኘው» ይላል። «እኔ ስመታ ራሴን መከላከሌ ነው፤ አንተ ስትመታ ግፍ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሁለት ሚዛን ባለበት ዕርቅ አይጀመርም። ለሁለታችንም አንድ የሆነ ሕግ ያስፈልጋል።

ይቅር ማለትና ክፋትን መቀበል

አሁን ወደ ይድነቃቸው እንመለስ። ብዙዎች «ይቅር ካልን በደሉን መርሳታችን፣ በዳዩንም ትክክል ነህ ማለታችን ነው» ብለው ይፈራሉ። የዚህ ሰው ሕይወት ለዚህ ፍርሃት መልስ ይሰጣል።

በየካቲት 1957 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ተመሠረተ። የተሰበሰቡት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ግን ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር። ሌሎቹ አገሮች አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች።

ይድነቃቸው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1987 እስኪያርፍ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአፓርታይድን ሥርዓት ከስፖርት ሜዳ ለማስወጣት ታገለ። ደቡብ አፍሪካ በ1976 ከፊፋ ስትባረር የአፍሪካውያኑ ትግል ፍሬ ነበር።

ይህን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጡት። በ1944 የእሱ ቡድን ከጣሊያኖች ጋር ተጫወተ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ግን «አንጫወትም» አለ። እርስ በርስ ይጋጫል? አይጋጭም። ፎርቲቱዶዎች የመጡት ለሁሉም አንድ የሆነውን ሕግ ተቀብለው ነው። የአፓርታይድ ቡድን ግን የመለያየትን ሕግ ተሸክሞ ነበር የመጣው። ይቅርታ ለሰው በር ይከፍታል፤ ለክፋት ግን በር አይከፍትም። ሰውየውን ወደ ሜዳው ጥሩት፤ አጥሩን ግን ይዞ እንዲገባ አትፍቀዱለት።

ይቅርታ እውነትን መቅበርም አይደለም። የየካቲት 12 ሐውልት ዛሬም በስድስት ኪሎ ቆሟል። አገራችን ግራዚያኒና መሰሎቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠይቃለች፤ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ግን ግራዚያኒ ፍርድ ፊት አልቆመም። ይህ እስከ ዛሬ ያማል። ፍትሕን መጠየቅና በቀልን መተው በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሐዋርያው በሮሜ 12 ላይ በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው የሚመክረን፣ በደሉ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። የሚፈርደው እሱ ስለሆነ ነው።

ኢታሎ የሚባል ልጅ

የዚህ ታሪክ ፍሬ ከ18 ዓመት በኋላ ታየ። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቆመች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል፤ ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ አለ። ሁለቱም በአሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት የተወለዱ ናቸው። ኢታሎ የተወለደው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልክ ያ ሕግ፣ አባት ልጁን እንዳይቀበል የከለከለው ሕግ፣ በወጣበት ዓመት።

ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። አንደኛውን ግርማ ተክሌ መለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን ሉቻኖ መለሰ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ ጨመረ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነው።

እስቲ አስቡት። ስሙ ራሱ ጣሊያንን የሚያስታውስ ልጅ፣ የወራሪው ሕግ «አባት የለህም» ያለው ልጅ፣ ኢትዮጵያን ለድል አበቃ። ያ ሕዝብ ከጦርነቱ በኋላ ልቡን ዘግቶ «የጣሊያን ዘር በሜዳችን አይታይ» ቢል ኖሮ ይህ ቀን ከየት ይመጣ ነበር?

ከሜዳው ወደ መስቀሉ

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ኳስ አያድንም። የጨዋታ ሕግ ሁለት ጠላቶችን ለ90 ደቂቃ ሊያስታግሳቸው ይችላል፤ ልባቸውን መቀየር ግን አይችልም። ፊሽካው ካበቃ በኋላ ቂሙ ቤት ድረስ ሊከተል ይችላል።

የሰው ልጅ ትልቁ ጠብ ከሰው ጋር ያለው ጠብ አይደለም። ከፈጠረው ከእግዚአብሔር ጋር ነው የተጣላው። በዚህ ጠብ በዳዮቹ እኛ ነን። ጌታ ኢየሱስ ግን እኛ ገና ጠላቶቹ ሳለን ስለ እኛ ሞተ። በኤፌሶን 2፥14-16 ጳውሎስ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ክርስቶስ በአይሁድና በአሕዛብ መካከል የቆመውን የጥል ግድግዳ በሥጋው አፈረሰ፣ ሁለቱን አንድ አዲስ ሰው አድርጎም በመስቀሉ ከእግዚአብሔር ጋር አስታረቃቸው። ይህ የ90 ደቂቃ ዕርቅ አይደለም፤ የዘላለም ነው። ዋጋውም የተከፈለው በደም ነው።

ገና ጌታን ያላወቃችሁ፣ ይህን ጽሑፍ በአጋጣሚ ያገኛችሁ ወዳጆቼ፣ «ይቅር ማለት አልቻልኩም» የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። በራስ ጉልበት የማይገፋ ተራራ ነው። መጀመሪያ ይቅርታን ተቀበሉ፤ ከዚያ የተቀበላችሁትን ትሰጣላችሁ። ያልተቀበሉትን መስጠት ከባድ ነው።

ለእኛስ?

ወገኖቼ፣ በሰቆጣ ገበያ ኽምጣኛም፣ አማርኛም፣ ትግርኛም ይሰማል። ከተከዜ ወዲህም ማዶም ያለን ሰዎች ለዘመናት ተጋብተናል፣ ተገበያይተናል። የቅርቡ ጦርነት ግን ብዙ ቤት አፍርሷል። ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከሌሎችም ቦታዎች ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ወገኖች በመካከላችን ኖረዋል። ልጁን የቀበረ አባት አለ፤ የት እንደደረሰ ያላወቀች እናት አለች። ለእነሱ «በቃ፣ እርሱት» ማለት የእግዚአብሔር ሰው አነጋገር አይደለም። ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ ይቀድማል።

ልቅሶው ሲያበቃ ግን ጥያቄው ይመጣል። ያ ሰው፣ ማዶ ያለው፣ አንድ ቀን ወደ ገበያችን ይመጣል። ምናልባት ወደ ጉባኤያችንም ይመጣል። ሜዳውን እንዘጋበታለን ወይስ በአንድ ሕግ ሥር ግባ እንለዋለን?

ከትንሹ እንጀምር። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ የተፈናቃይ ልጆችን ይጥሩ። ቡድን ሲከፈል በቋንቋና በትውልድ መንደር አይከፈል። በቤታችን ልጆቻችን እየሰሙ አንድን ሕዝብ በጅምላ አንስደብ፤ የዛሬ ቃላችን የነገ ጥይታቸው ይሆናልና። የበደለ ሰው ሲመጣ እውነቱን እንንገረው፤ ቂም ግን አናቀብለው። በደል ሲፈጸም ካየን ደግሞ፣ በዳዩ የእኛው ወገን ቢሆንም፣ «ይህ አይሆንም» እንበል። ሚዛናችን አንድ ይሁን።

በ1944 በዚያ ሜዳ የቆሙት የአራዳ ልጆች ቁስላቸው ገና አልጠገገም ነበር። ቁስላቸው እስኪድን ሳይጠብቁ ነው የተጫወቱት። እኛ ደግሞ ከእነሱ የሚበልጥ ምክንያት አለን፤ ጠላቶቹ ሳለን የወደደን ጌታ አለን።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ እኛን ከአባትህ ጋር ያስታረቅህ ሆይ፣ የዋግን ምድር አስብ። የቆሰሉትን ፈውስ፤ የሚያለቅሱትን አጽናና። እውነትን እንድንናገር ድፍረት፣ በቀልን እንድንተው ጸጋ ስጠን። ልጆቻችን በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ እንድናይ ዕድሜ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።